በዳኛው ላይ የተላከከ ጥፋት

የሰው ፊት እሳት ነው ሲባል ትሰማ ነበር እንጂ፣ መጋረጃ ሰፊዋ ነገሩን በደንብ ያወቀችው ቤት ፍለጋ በዞረችበት ሰሞን ነው። የምትኖርበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው ተባለ፤ ተከራዩ ሁሉ ዕቃውን እየጫነ ወጣ። እሷ ብቻ ቀረች። በር ታንኳኳለች፤ አከራዮቹ ፈገግ ብለው ያስገቧታል፤ ሥራዋን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ባልም ልጅም እንደሌላት ሲሰሙ ይብሱን ደስ ይላቸዋል። «ሦስት ድመቶች ግን አሉኝ» ስትል ፊታቸው እንደ መስኮት ይዘጋል። አንዷ አከራይ እንዲያውም፣ «አንድ ቢሆን ድመት ነው ብዬ እችለው ነበር፤ ሦስት ግን ስብሰባ ነው» ብላ ሸኝታታለች።

ድመቶቹን ጥሎ መሄድ በሐሳቧም አልመጣም። ትልቁ፣ ግራጫው ወንድ፣ ዳኛው ይባላል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሲጣሉ መሃላቸው ገብቶ ቁጭ ስለሚል ነው። ጥጥ እንደ ስሟ ነጭ ናት፤ በር ከተንኳኳ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የምትገኘው። ትንሿ ቁራጭ ናት። የጨርቅ ቁርጥራጭ በሚጣልበት ካርቶን ውስጥ፣ ዓይኗ በቅጡ ሳይገለጥ ነበር የተገኘችው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ የመርፌው ቀዳዳ ይጠፋባት ጀመር። ክሩን ምላሷ ላይ እያራሰች ስትሞክር ግማሽ ጠዋት ያልፋል። በመጨረሻ መርፌና ክሯን ቦርሳዋ ውስጥ ጥላ አንዲት ትንሽ መነጽር ቤት ገባች።

መነጽር ሠሪው ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነበር። አስቀመጣትና አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ማስመሪያ አጋድሞ የሁለቱን ዓይኖቿን ርቀት ለካ።

«ወደኔ ይመልከቱ» አላት። «ግራ ዓይኔን ብቻ።»

ተመለከተች። ለሱ ሥራው ነው፤ ሲውል የሰው ዓይን ሲያይ ነው የሚውለው። የዚያን ዕለት ግን ልኩን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ማስመሪያውን አንሥቶ እንደገና ለካ።

«ተሳስተው ነው?»

«አልተሳሳትኩም» አለ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ እርሳሱን መፈለግ ጀመረ፤ እርሳሱ በእጁ ነበር።

እጅጌዋ ላይ የተጣበቀ ግራጫ ፀጉር አየና ድመት እንዳላት ጠየቃት። ሦስት እንደሆኑ ነገረችውና ፊቱ እስኪዘጋ ጠበቀች። አልተዘጋም። «ታዲያ የሁለቱ ፀጉር የት ሄደ?» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ደግሞ ሆዷ ባባና የቤት ፍለጋውን ጣጣ ሁሉ ዘረገፈችለት። ሲያዳምጥ ሌንስ መወልወያዋን ጨርቅ ሲያጥፍ ሲዘረጋ፣ ሲያጥፍ ሲዘረጋ ነበር።

መነጽሯን ለመውሰድ ስትመለስ፣ ጆሮዋ ላይ እያስተካከለላት፣ ሲያጠናው የሰነበተ የሚመስል ነገር ነገራት። ከአባቱ ጋር ነው የሚኖረው። እህቱ ካገባች ጀምሮ በቤታቸው ጀርባ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ባዶ ናቸው። መግቢያቸው ለብቻው ነው፤ ከዋናው ቤት ጋር በአንድ ኮሪደር ይገናኛሉ። «አባቴ ግን ሊያዩዎት ይፈልጋሉ» አለ፤ «እኔ አይቼዎታለሁ።» ይህን ሲል ዓይኑን ከክፈፉ ብሎኖች ላይ አላነሣም።

አባትየው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ በየቀኑ ኮትና ክራቫት የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ጫማቸው ፊት ያሳያል። ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሥራዋን፣ ወላጆቿን፣ በጊዜ ቤት መግባቷን ጠየቋት። ድመቶቹን በመጨረሻ ነው ያነሡት።

«ሰው አልጠላም። እንስሳም አልጠላም» አሉ። «ሽታ ግን አልወድም። ይሄ የባለቤቴ ቤት ነው፤ ብትኖር የምታፍርበት ነገር እንዲሆን አልፈልግም።»

«አላሳፍርዎትም፣ አባባ» አለች። እንዴት አድርጋ ቃሏን እንደምትጠብቅ ግን ስታስብ አደረች።

ዕቃዋ ከመጓጓዙ በፊት ባዶዎቹን ክፍሎች ልታሰናዳ መጣች። መነጽር ሠሪው የሚያግዝ ነገር ካለ ብሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ያልታጠበ የድመት ብርድ ልብስ እየዘረጋች ነበር። ለምን እንዳላጠበችው ጠየቃት።

«ድመት ቤት ሲቀይር የሚጠፋበት ቤቱ ብቻ አይደለም» አለችው። «ራሱም ይጠፋበታል። የገዛ ሽታውን የትም አያገኘውም። ያኔ ነው በሽንቱ ግድግዳው ላይ፣ እዚህ ነኝ ብሎ የሚጽፈው።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ቀድመን እንጽፍለታለን።»

ሽታቸው እንዲይዝ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ የድመቶቹን ጉንጭ ስታሻሽ ሰንብታለች፤ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ጨርቅ አላት። አንዱን ለሱ ሰጠችው። በድመት ቁመት ልክ የወንበር እግር፣ የአልጋ ጠርዝ፣ የበር መቃን መጥረግ ነው ሥራው። ጎንበስ ብሎ ጀመረ። አንዱ መቃን ላይ እጃቸው ተነካካ። ያ መቃን ከሚገባው በላይ ተጠረገ።

ድመቶቹ በየቅርጫታቸው ሆነው የመጡ ዕለት ሦስቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች። የአሸዋ ሳጥኖቻቸውን አራርቃ ነበር ያኖረችው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ፣ አንድ ደግሞ ትርፍ፤ ማንም ማንን እንዳይጠብቅ። ምግባቸውንም እንዲሁ። ለጥጥ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ መሸሸጊያ አበጀችላት። ቁራጭ ወዲያው ወጥታ የስፌት መኪናውን ፔዳል አሸተተች። ዳኛው ዙሪያውን ዞሮ የተጠረገውን መቃን በጉንጩ አሸት አደረገው። እሷ ያኔ ነው የተነፈሰችው።

መነጽር ሠሪው ከሥራ ሲመለስ እየመጣ ከሷ ጋር ወለሉ ላይ መቀመጥ አመል ሆነበት። «አይዩዋቸው» ትለዋለች፤ «እንዳላዩ ይሁኑና ራሳቸው ይመጣሉ።» እሱም ድመቶቹን ላለማየት ሲል እሷን ያያል። እሷም መርፌዋን ታያለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ «እርስዎ» መባባሉ መቼ እንደቀረ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

አንድ ቀን ግን ዳኛው መስኮቱ ሥር ግድግዳው ላይ ሽንቱን ረጨ። ሽታው ኮሪደሩን አልፎ ሳሎን ደረሰ። አባባ ተነሥተው መስኮቶቹን አንድ በአንድ፣ ድምፅ እያሰሙ ከፈቱ። መነጽር ሠሪው በረኪና ይዞ እየሮጠ መጣ። እጁን ያዘችው።

«በረኪና አታድርግበት። ለሱ ያው እንደ ሽንት ነው የሚሸተው። ሌላ ድመት ገባብኝ ብሎ ይደግመዋል።»

ዳኛውን አልተቆጣችውም። ከእንስሳት ሐኪም ቤት ባመጣችው ማጽጃ ግድግዳውን አጠበች፤ ከዚያ በእርጋታ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ውጭውን አየች። አንድ ወፍራም ቀይ ድመት አጥሩ ላይ ተጋድሞ፣ እንደ አከራይ፣ ወደ ውስጥ ይመለከታል። ነገሩ ገባት። በዚያው ቀን ለመስኮቱ የታችኛው ግማሽ መጋረጃ ሰፋችለት፤ የዳኛውን የምግብ ሳህንም ከመስኮቱ ሥር አኖረች፤ ድመት የሚበላበት ላይ አያበላሽምና። ከዚያ ወዲያ ዳኛው አልደገመውም። ሌሎቹማ ቀድሞም አልሞከሩት።

በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። መጀመሪያ ሁለተኛው ክፍል፣ ከዚያ ኮሪደሩ፣ በመጨረሻ እሷ ቤት ስትሆን ብቻ ሳሎኑ። ዳኛው ሳሎን በገባ በሳምንቱ ከአባባ ወንበር እግር ሥር መተኛት ያዘ። አባባ እንዳላዩት ሆኑ። ትንሽ ቆይቶ ግን እሷ ኮሪደር ላይ ስታልፍ፣ ድልድይ ተሰብሮ ወንዝ ዳር ስላደሩበት ጉዞ ለአንድ ሰው ሲያወጉ ሰማች። ሳሎኑ ውስጥ ከድመቱ በቀር ሰው አልነበረም።

መነጽር ሠሪው ታገባው ዘንድ የጠየቃት አንድ አዲስ ቢሮ ውስጥ መጋረጃ ስትሰቅል ነው። እሷ መሰላል ላይ ናት፤ እሱ መሰላሉን ይዟል።

«ይሄን ይዤ ሳለሁ ልጠይቅሽ» አለ፤ «አሁን ጥለሽኝ መሄድ አትችዪም።»

ጠየቃት። ከላይ ሆና ቁልቁል አየችው፤ መነጽሩ ወደ አፍንጫው ጫፍ ተንሸራቷል፣ እጁ ስለተያዘ ሊያስተካክለው አልቻለም።

«ከወረድኩ በኋላ ነው የምመልስልህ» አለችው። «እዚህ ሆኜ እሺ ካልኩህ ኩራት ይመስላል።»

ወረደች። መነጽሩን አስተካከለችለት። እሺ አለችው።

እንግዲህ ነገር የሚበላሸው ሁሉም ያማረ ጊዜ ነው። የመነጽር ሠሪው እህት፣ እናታቸው ካረፈች ጀምሮ የቤቱን ነገር ከሩቅ ሆና የምትመራው ታላቅ እህቱ፣ አንድ እሑድ መጣችና ገና ሳሎን ስትገባ አፍንጫዋን ያዘች። ሽታ አለ። ወንበሮቹን እየዞረች አሸተተች፤ ምንጣፉን ገልጣ እርጥብ ቦታ አገኘች። ምንጣፉ የእናቷ ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ይባላል» አለች። «እኔ እኮ ነግሬህ ነበር።»

መጋረጃ ሰፊዋ ይቅርታ ጠየቀች። ሁሉም ሲወጣ ግን ተንበርክካ ቦታውን አየችው። ድመት ምልክት የሚያደርገው ቆሞ፣ ጭራውን አቅንቶ፣ ግድግዳ ወይም የወንበር ጀርባ ላይ ነው። ይሄ ምንጣፉ መሃል ላይ ነው። የአባባ ወንበር መቀመጫም ርሷል። በዚያ ላይ ሦስቱም ድመቶች ያን ቀን ከሷ ጋር ተዘግተው ነው የዋሉት። የነሱ እንዳልሆነ አወቀች፤ የማን እንደሆነ ግን ልታስበው አልፈለገችም።

መነጽር ሠሪው ማታ በለሆሳስ፣ ድመቶቹ ተረብሸው ይሆን ወይ ሲላት፣ «እከታተላቸዋለሁ» አለችው።

በሳምንቱ፣ ቀትር ላይ፣ ያጠበችውን ጨርቅ ልታሰጣ ጓሮ ወጣች። አባባ ቧንቧው አጠገብ ቆመዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ክራቫታቸው በደንብ ታስሯል። ከወገባቸው በታች ፎጣ አገልድመዋል። ሱሪያቸው ባልዲው ውስጥ ነው። በእጃቸው የያዙት የሷን የማጽጃ ጠርሙስ ነው።

ተያዩ። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት ሕዝብ ያጓጓዙ ሰው፣ በገዛ ጓሯቸው መድረሻ አጡ። አንጀቷን በሉት።

«ዳኛው ነው አይደል?» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። ሱሪዎትን አበላሸብዎት። ይስጡኝ፣ እኔ አጥበዋለሁ።»

ዳኛው በዚያ ሰዓት ከሷ ክፍል መስኮት ጀርባ፣ ከመጋረጃው በላይ በሚታየው መደርደሪያ ላይ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተኝቷል። ሁለቱም ያዩታል። አባባ ድመቱን አዩ፣ ከዚያ እሷን ረዥም አዩ።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ። «ዳኛው ነው።»

ባልዲውን ተቀበለቻቸው። ስለዚህ ነገር ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። እሷ ግን ለወንበራቸው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ሰፋችና ከላይ ያንኑ የወንበሩን ዓይነት ጨርቅ አለበሰችው፤ ማጽጃውንም መታጠቢያ ቤት፣ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አስቀመጠች። ሐኪም ቢያዩ የሚለው ቃል ሁለት ሦስቴ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ ግን ዋጠችው።

እሷ ቤት በማትኖርበት ሰዓት ግን የሚሆነው ይሆናል። እህትየው በሌላ እሑድ ስትመጣ ኮሪደሩም ሸተተ። ያን ቀን ሁሉም ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ነገሩ ፈነዳ። እናቷ እንደ ዓይኗ ብሌን የምታየውን ቤት በረት አደረጋችሁት አለች፤ ድመቶቹ እያሉ በዚህ ቤት ሠርግ የሚባል ነገር እንደማይደረግ ተናገረች። መነጽር ሠሪው አንዴ እህቱን አንዴ እጮኛውን ሲያይ ቆየ።

«ለጥቂት ጊዜ ለሰው እንስጣቸው» አላት። «ነገሩ እስኪበርድ። ከዚያ እንመልሳቸዋለን።»

አንድ ቃል ነበር የሚበቃት። አባባን አየቻቸው። ወንበራቸው ላይ ሆነው የጫማቸውን ጫፍ ይመለከታሉ። ያ ቃል ከአፏ ከወጣ በኋላ እኚህ ሰው በዚህ ቤት ውስጥ ክራቫት የሚያስሩበት ጠዋት እንደማይኖር ታያት።

«ቤት አግኝቼ ይዣቸው እወጣለሁ» አለች።

«አንቺም?» አለ መነጽር ሠሪው።

«እነሱን የት ልጣላቸው?»

ድምፁ ተለወጠ። «እኔንስ የት ጣልሽኝ?»

መልሱ ነበራት፤ ግን የሷ አልነበረም።

አዲሱን ቤት ያገኘችው ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ነው። የዳቦ ቤቷ ባለቤት አይጥ አሰልችቷት ስለነበር፣ ሦስት ድመቶች አሉኝ ስትላት፣ «አራተኛ የለሽም?» ብላ ነው የተቀበለቻት። መጋረጃ ሰፊዋ እንደገና ተንበርክካ፣ በዚያው ጨርቅ፣ የበር መቃን ጠረገች። በዚህኛው ጊዜ ብቻዋን ነበረች። ቁራጭ ፔዳሉን አሸተተች፤ ጥጥ ቁም ሣጥን ገባች። ዳኛው ግን ምግቡን ትቶ በሩን እያየ ይቀመጣል። ምልክት አላደረገም። ዝም ብሎ በሩን ያያል።

አንድ ቀን በመነጽር ቤቱ በኩል አለፈች፤ ከመንገዱ ማዶ። በመስታወቱ ውስጥ የአንዲት አሮጊትን ዓይን ሲለካ አየችው። አንዴ ለካና ማስመሪያውን አስቀመጠ። ሳያያት ተመለሰች። እሱም አልመጣም፤ ድመት መረጠችብኝ ብሎ ልቡ እንደቆሰለ ታውቃለች። ልትፈርድበት አልቻለችም፤ እሷም በሱ ቦታ ብትሆን እንደዚያው ነበር የምታስበው።

በሩ የተንኳኳው አንድ ረፋድ ላይ፣ ከታች የዳቦው ሽታ በሚመጣበት ሰዓት ነው። ስትከፍት አባባ ናቸው። ኮት፣ ክራቫት፣ የተወለወለ ጫማ። ደረጃው አድክሟቸው በሩን ተደግፈዋል። ገቡና ከመቀመጣቸው ዳኛው ዘሎ ጭናቸው ላይ ወጣ። አዛውንቱ እጃቸውን ጀርባው ላይ አኖሩ።

ከዚያ ነገሯት። እሷ ከወጣች በኋላ ሽታው አልወጣም። ሴት ልጃቸው፣ ሽታው ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ነው አለች። ወንድምየው ደግሞ አንድ ማለዳ ሥራውን ትቶ፣ ግድግዳውን ሊቀባ ቀለም ተሸክሞ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል፣ ምግብ ከተወ ሰንብቷል። ያንን የቀለም ቆርቆሮ ሲከፍት ሲያዩ አባት ከዚህ በላይ አልቻሉም።

«ግድግዳውን ተወው አልኩት» አሉ። «ድመቶቹ ንጹሕ ናቸው። ፍሬኑ የላላው የኔ ነው አልኩት።»

ልጁ የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ታውቅ ነበር ወይ? ከሁሉም ቀድማ አሉት። ያኔ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ፕሮስቴት የሚሉት ነገር አብጦ ነው፤ መድኃኒት አለው። «አፍሬ አፍሬ ልሞትበት የነበረው ነገር» አሉ አባባ፣ «ሐኪሙ ቤት ተራ ነገር ነው። ከኔ በፊት የገባውም ሰውዬ ያው ነው ያለበት። ከኔ በኋላ የገባውም ሳይሆን አይቀርም፤ አረማመዱን አይቻለሁ።»

ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ልጄ» አሉ፣ ዳኛውን እያሻሹ፣ «ሠላሳ ዓመት መኪና ስነዳ አንድም መንገደኛ መንገድ ላይ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ስሜ የታወቀው በዚህ ነው። አንቺን ግን ጥዬሽ ሄድኩ። እያየሁሽ።»

እንባዋ መጣ። ተነሥታ እጃቸውን ልትስም ስትል ከለከሏት፤ ይልቅ እሳቸው ግንባሯን ሳሟት። ልጃቸው ታች እንዳለ፣ ለመውጣት እንዳፈረ ነገሯት። በመስኮት ቁልቁል አየች። መነጽር ሠሪው ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆሟል። ቆሞ መጠበቁ አሳፍሮት በተደጋጋሚ ገብቶ ዳቦ ሲገዛ ነው መሰል፣ ሁለት እጁ በዳቦ ተሞልቷል።

«ና፣ ውጣ» አለችው ከላይ።

ወጣ። ዳቦውን የት እንደሚያኖረው አላወቀም። አባባ ድመቱን ይዘው ወደ ጓዳው መስኮት ዞሩ፣ ውጭውን እንደሚያይ ሰው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም።

«ምን ብዬ ልንገርህ? የኔ ምስጢር አልነበረም። ያልተሰጠኝን ከየት አምጥቼ ልስጥህ?»

«እኔ እኮ ድመት ከኔ አስበለጠች ብዬ…» አለ። ዳቦውን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠ። «ማየት ሥራዬ ነው ብዬ እኖራለሁ። አባቴ ፊት ለፊቴ ሲሰቃዩ አላየሁም። አንቺንም አላየሁሽም። ይቅር በይኝ።»

አየችው። ግራ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም። ከዚያ አንዱን ዳቦ አንሥታ ቆረሰችና ሰጠችው፤ ክሳቱን አይታለች።

ወዲያውኑ ግን አልተመለሰችም። ድመቶቹ ገና አሁን መልመዳቸው ነው፤ በላይ በላዩ አላንቀሳቅሳቸውም አለችው። እሱም ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ወደ ዳቦ ቤቱ ፎቅ መመላለስ ጀመረ። አንድ እሑድ እህትየው አብራው መጣች። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቁራጭ ቀሚሷ ላይ ወጥታ ተጠቀለለች። እህትየው ልትነካት እየፈራች እጇን አነሣች፣ አወረደች፣ በመጨረሻ አሳረፈችው።

«ያንን ተረት» አለች ለመጋረጃ ሰፊዋ ሳይሆን ለድመቷ፣ «የተረተው ሰው ድመት አልነበረውም።»

«ግድ የለም፣ እትዬ» አለቻት መጋረጃ ሰፊዋ። «እርስዎም ለእናትዎ ቤት ብለው ነው።»

ተጋቡ፤ ጥቂት ሰው በተገኘበት፣ በዚያው ሳሎን። ድመቶቹ የተመለሱት ከዚያ ቆይቶ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ሲለምዱ ደግሞ ሌላ ክፍል እየተከፈተላቸው። አንዳቸውም ምልክት አላደረጉም።

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን መድኃኒቱም አቃተው፤ ጉልበታቸውም ከዳቸው። ያኔ አልተደበቁም። ጠዋት ሲነቁ ከክፍላቸው «ልጆች፣ ኑ እስቲ» ብለው ይጣራሉ። ባልና ሚስቱ አብረው ይገባሉ። እሷ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ልብሳቸውን ቀይራ ክራቫታቸውን ታስርላቸዋለች፤ እሱ የራሰውን አንሶላ ይገፍፋል። ከዚያ አዲሱን አንሶላ እሱ በወዲያ እሷ በወዲህ ይዘው ያራግፉታል። አንሶላው በመሃላቸው ይነፋና ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ዓይን ለዓይን ይገናኛሉ፤ አንዳንዴ እጃቸው ላይ ያለውን ይረሱታል።

«ምን ትተያያላችሁ» ይላሉ አባባ ከወንበራቸው፤ «እኔ እኮ በርዶኛል።»